ያልተነካ ፍሬ አይሸትም

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በኢትዮጵያ መገኘቱ በተነገረ ሰሞን፣ አዲስ አበባ ውስጥ ከጭንብልና ከእጅ ማጽጃ አልኮል ጋር አብሮ የተወደደው ነጭ ሽንኩርት ነበር። ሎሚና ዝንጅብልም ተከትለውት ወጡ። ዋጋ ያላግባብ አንረዋል የተባሉ ሱቆች ታሸጉ። የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው ወቅት፣ ነጭ ሽንኩርት ጤናማ ምግብ መሆኑንና ተሕዋስያንን የመቋቋም ባሕርይ ሊኖረው እንደሚችል ገልጾ፣ ከአዲሱ ቫይረስ ይጠብቃል የሚያሰኝ ማስረጃ ግን አለመኖሩን ተናግሮ ነበር። ገበያ የወጣው ሰው የሰማው የአረፍተ ነገሩን የመጀመሪያ ግማሽ ብቻ ነው።

የሰማው ግማሽ ግን ውሸት አይደለም። ነጭ ሽንኩርት ውስጥ ባክቴሪያ የሚገድል ነገር አለ። «አለ» የሚለው ቃል ራሱ ነው አከራካሪው። ኬሚስቶች ያንን ነገር ለማግኘት አንድ ምዕተ ዓመት የፈጀባቸው፣ ሲፈልጉት የኖሩት በሌለበት ቦታ ስለነበር ነው።

እንቆቅልሹን ለማየት ቤተ ሙከራ መግባት አያሻም። አንድ ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ሳይሰነጠቅ፣ ሳይጨፈለቅ፣ በጥንቃቄ ተልጦ አፍንጫ ሥር ቢያዝ ይህ ነው የሚባል ሽታ የለውም። ያው ፍሬ ሙቀጫ ውስጥ ገብቶ አንዴ በዘነዘና ሲመታ ሽታው ጎረቤት ይደርሳል። ያ ሁሉ ሽታ ከአፍታ በፊት የት ነበር?

ሰው ነጭ ሽንኩርትን መድኃኒት ብሎ የያዘው ከጥንት ነው። ግብፃውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ በተጻፈው፣ ዛሬ ኤበርስ ፓፒረስ በሚባለው የሕክምና ጥቅልላቸው ላይ አስፍረውታል፤ በቱታንካሙን መቃብር ውስጥም ተገኝቷል። እስራኤላውያን በምድረ በዳ መናው ሰልችቷቸው የግብፅን ማዕድ ሲናፍቁ ስሙን ከጠሯቸው ምግቦች አንዱ እሱ እንደነበር ኦሪት ዘኁልቁ ምዕራፍ 11ን ያነበበ ያስታውሳል። በእኛም ቤት ጉንፋን የያዘው ሰው በማር ይውሰደው፣ ሆዱን የነፋው ከፌጦ ጋር ይሞክረው ሲባል ኖሯል። ሳይንስ ወደዚህ ጉዳይ የገባው እጅግ ዘግይቶ ነው፤ የገባውም በተሳሳተው በር ነው።

በሩን የከፈተው ቴዎዶር ቨርትሃይም የተባለ ኦስትሪያዊ ኬሚስት ነበር፤ ዘመኑም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1844 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ቨርትሃይም በነጭ ሽንኩርት ውስጥ የውሃ እንፋሎት አሳለፈና፣ እንፋሎቱን አቀዝቅዞ፣ አረቄ እንደሚወጣበት ዓይነት ጠብታውን ለቀመ። ከውሃው ጋር አብሮ የወጣው ዘይት ሽታው የሚከረፋ፣ ድኝ የበዛበት ነበር። ከነጭ ሽንኩርት የላቲን ስም ከአሊየም ተነሥቶ የሞለኪውሉን አንድ ክፍል «አሊል» አለው፤ ስሙ እስካሁን በኬሚስትሪ መጻሕፍት አለ። በ1892 ደግሞ ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ዜምለር ያንን ዘይት መርምሮ የቨርትሃይምን ግምት አረመ፤ የዘይቱ ዋና ክፍል ሁለት የድኝ አቶሞች ጎን ለጎን የተያያዙበት፣ ዳያሊል ዳይሰልፋይድ የሚባል ነገር መሆኑን አሳየ። ከአንድ ኪሎ ነጭ ሽንኩርት የሚገኘው አንድ ወይም ሁለት ግራም ብቻ ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ያለቀ መሰለ። ነጭ ሽንኩርት ምን አለው ሲባል ዘይት አለው፣ ዘይቱም ይኸው ነው ተባለ። ይህ መልስ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ማንም ሳይነካው ቆየ። ሆኖም ቨርትሃይምም ዜምለርም የመረመሩት የተቀቀለ ነገር ነው። በፈላ ውሃ እንፋሎት ውስጥ ያለፈ ነጭ ሽንኩርት ከጥሬው ጋር አንድ እንዳልሆነ ለማወቅ ኬሚስት መሆን አያስፈልግም፤ ሁለቱን መቅመስ ይበቃል። ሁለቱ ሊቃውንት ወጥ ቤት ገብተው ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ባጠረ ነበር እላለሁ፤ በዚያ ዘመን ግን ፕሮፌሰር ወጥ ቤት አይገባም።

ዓለም ጦርነት ላይ እያለ ነገሩ እንደገና ተነሣ። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ፔኒሲሊን የቆሰሉ ወታደሮችን ከሞት ሲመልስ የታየበት ጊዜ በመሆኑ፣ ሌላ እንዲህ ያለ ነገር ተፈጥሮ ውስጥ ተደብቆ ይሆን እያሉ ዕፅዋትን የሚፈትሹ ኩባንያዎች ብዙ ነበሩ። ከነዚህ አንዱ በኒው ዮርክ ግዛት፣ ሬንሰለር በምትባል የሃድሰን ወንዝ ዳር ከተማ የነበረው ዊንትሮፕ ኬሚካል ኩባንያ ነው። እዚያ ይሠሩ የነበሩት ቼስተር ካቫሊቶና ጆን ሄይስ ቤይሊ እንፋሎቱን ትተው፣ የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት በክፍል ሙቀት አልኮል ውስጥ ዘፈዘፉ። ሙቀት የሚባል ነገር አላስነኩትም።

ከአራት ኪሎ ነጭ ሽንኩርት ስድስት ግራም ዘይት አገኙ። ይህ ዘይት የቨርትሃይምና የዜምለር ዘይት አልነበረም፤ በሞለኪውሉ ውስጥ አንድ የኦክስጅን አቶም ነበረበት። ሽታው አዲስ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት ሽታ ራሱ ነው። ሲሞቅ ይበላሻል፣ ተቀምጦም ይበላሻል። ባክቴሪያ በተዘራበት ሳህን ላይ ሲያደርጉት ደግሞ ባክቴሪያው መራባቱን አቆመ። በ1944 ባሳተሙት ጽሑፍ አሊሲን ብለው ሰየሙት።

አሊሲን ከፔኒሲሊን ጋር ሲነጻጸር እጅግ ደካማ ነው፤ ነገር ግን የዚያን ጊዜው ፔኒሲሊን እምብዛም በማይነካቸው የባክቴሪያ ወገኖች ላይም ይሠራ ነበር። ለአንድ የመድኃኒት ኩባንያ ይህ የሚያጓጓ ወሬ ነው። ግን ዕቃ ውስጥ አስቀምጠው የማያቆዩት፣ የሚከረፋና ቆዳ የሚያቃጥል ፈሳሽ ማን ይገዛል? አሊሲን ፋርማሲ ሳይገባ ቀረ።

ካቫሊቶ ግን በዚህ አልተወውም፤ ለእኔ ከታሪኩ ሁሉ የሚበልጠውም ቀጥሎ ያደረገው ነው። ከባልደረቦቹ ጋር በ1945 ባሳተመው ሥራ ያልተነካውን ፍሬ ጥያቄ አነሣ። ፍሬዎቹን ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ በሚቀዘቅዝ ደረቅ በረዶ አቀዘቀዛቸውና፣ በዚያው ቅዝቃዜ ፈጭቶ፣ በአሴቶን አጠባቸው። ያ ሁሉ የድኝ ዘይት እውነት ነጭ ሽንኩርቱ ውስጥ ተቀምጦ የሚኖር ከሆነ በአሴቶኑ ታጥቦ መውጣት ነበረበት። ምንም አልወጣም። የቀረው ሽታ የሌለው ነጭ ዱቄት ነው። ዱቄቱ ላይ ጥቂት ውሃ ጠብ ሲያደርግበት ግን ሽታው ወዲያው ተነሣ፤ ባክቴሪያ የመግደል ኃይሉም አብሮ መጣ።

ቀጠለና ዱቄቱን በጠንካራ አልኮል አፈላው። አሁን ውሃ ቢጨመርበትም አይሸትም፤ ሞቷል። በዚህ በሞተው ላይ ካልፈላው ዱቄት ቆንጠር አድርጎ ሲበትንበት ሽታው ተመልሶ መጣ። እንግዲህ ነጭ ሽንኩርቱ ውስጥ ሁለት ነገሮች አሉ ማለት ነው፦ አንደኛው ሙቀት የሚችል፣ ሽታ የሌለው ጥሬ ዕቃ፤ ሁለተኛው ሙቀት የሚገድለው፣ ጥሬ ዕቃውን ወደ አሊሲን የሚለውጥ ኢንዛይም። አሊሲን ያልተነካ ፍሬ ውስጥ የለም። የሚሠራው ፍሬው ሲጨፈለቅ፣ በዚያች ቅጽበት ነው።

ጥሬ ዕቃውን አንጥሮ ያወጣው የስዊዘርላንዱ አርቱር ሽቶል ከባልደረባው ከኤቫልድ ዜቤክ ጋር ነው። ሽቶል በባዝል ከተማ የሳንዶዝን የመድኃኒት ክፍል ያቋቋመ ሰው ነበር፤ አልበርት ሆፍማን በ1938 ኤል.ኤስ.ዲ. የተባለውን ቅዠት አምጪ ኬሚካል የሠራውም በዚሁ ክፍል ነው። በ1948 ሽቶልና ዜቤክ ነጭ፣ መርፌ መሰል፣ ሽታ አልባ ቅንጣቶች ማውጣታቸውን አስታወቁ፤ ስሙንም አሊኢን አሉት። ኢንዛይሙ አሊኔዝ ይባላል። አሊኢን በፍሬው ሕዋሳት ውስጥ በአንድ በኩል፣ አሊኔዝ በሌላ በኩል ተለያይተው ይቀመጣሉ፤ ቢላዋ ወይም ዘነዘና ግድግዳውን ሲያፈርስ ይገናኛሉ፣ ሥራውም ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ያበቃል። አሊኔዝ በፍሬው ውስጥ ካለው ፕሮቲን ቢያንስ አንድ አሥረኛውን ይይዛል። አንድ ተክል ይህን ያህል ፕሮቲን ለአንድ ሥራ የሚያከማቸው በከንቱ አይደለም። ወራት ሙሉ አፈር ውስጥ የሚቀመጥ ጣፋጭ ፍሬ ሻጋታም ትልም ይመኘዋል፤ የነከሰው ግን አፉ ውስጥ መርዙን ራሱ ያዘጋጃል።

እኛም ከነካሾቹ አንዱ ነን። በ2005 ሁለት ቡድኖች፣ አንዱ የዴቪድ ጁሊየስ፣ ሌላው የአርደም ፓታፑቲያን፣ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ምላስ የሚለበልበው በየትኛው የነርቭ በር በኩል እንደሆነ ለየብቻቸው ደረሱበት። ሁለቱ ሰዎች በ2021 የኖቤል ሽልማትን በሕክምና ዘርፍ የተጋሩት በዚሁ የነርቭ በሮች ጥናታቸው ነው። አሊሲን የሚያንኳኳው በር ሰናፍጭ የሚያንኳኳው ነው፤ በርበሬ የሚከፍተውንም በር ጭምር እንደሚነካ የፓታፑቲያን ቡድን አሳይቷል። ዳጣ ላይ ቃሪያና ጥሬ ነጭ ሽንኩርት አንድ ላይ ሲፈጩ ዓይን የሚያስፈጥጡት ለዚህ ነው። ጋግሮ ወይም ቀቅሎ የበላ ሰው ይህን አይቀምስም፤ ኢንዛይሙ ገና ሳይሠራ ሞቷልና።

እስከዚህ ድረስ ያለው ኬሚስትሪ ነው። የሰው ገላ ውስጥ ሲገባስ?

እዚህ ላይ ታሪኩ ሌላ መልክ ይይዛል። ላሪ ሎውሰን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ 25 ግራም ጥሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ማለትም ስድስት ፍሬ ገደማ፣ የበሉ ሰዎችን ደምና ሽንት መርምሮ አሊሲን ፈለገ። አላገኘም። ባክቴሪያ የሚገድለው ያ ዝነኛ ሞለኪውል ደም ውስጥ ለደቂቃዎች እንኳ አይቆይም፤ ተሰባብሮ ሌላ ነገር ይሆናል። ሌላው ነገር ማን እንደሆነ የምናውቀው በከፊል ከትንፋሽ ነው። በ1999 የታተመ የሚኒሶታ ተመራማሪዎች ጥናት የነጭ ሽንኩርት ትንፋሽን ለሁለት ከፈለው፦ አንዱ ከአፍ የሚወጣ፣ ሲጉመጠመጡ የሚቀንስ፤ ሌላው አሊል ሜቲል ሰልፋይድ የሚባል፣ ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደም ወደ ሳንባ የሚሄድ። ጥርስ መፋቅ ለሁለተኛው አይበጅም። የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2010 ወተት ይረዳል ብለዋል፤ በተለይ ቅባቱ ያልወጣለት ወተት፣ ከምግቡ በኋላ ሳይሆን ከምግቡ ጋር። በ2023 ደግሞ በጠርሙስ ውስጥ ባደረጉት ሙከራ እርጎ ሽታውን ከሞላ ጎደል አጠፋው፤ በሰው አፍ ላይ ግን አልሞከሩትም። ክትፎ ከአይብ ጋር የሚቀርብበትን ምክንያት ከዚህ ጋር ማያያዝ ይዳዳኛል፤ ግን ማጋነን ይሆናል።

የነጭ ሽንኩርት እንክብል ለመግዛት የሚያስብ ሰው ደግሞ ሎውሰን በ2001 ያሳተመውን ሌላ ሥራ ቢያውቅ ይጠቅመዋል። አሊኔዝ የጨጓራን አሲድ አይችልም። ስለዚህ አምራቾች እንክብሉን አንጀት ሲደርስ እንዲሟሟ አድርገው ይለብጡታል። ሎውሰን 24 ዓይነት እንክብሎችን በሆድ ዓይነት ሁኔታ ሲፈትናቸው አብዛኞቹ ይለቃሉ ከተባለው አሊሲን ከ15 በመቶ በታች ለቀቁ። ዱቄት እንጂ ነጭ ሽንኩርት አልተሸጠም ማለት ይቻላል።

ታዲያ ጥቅሙ ይለካ ቢባል ምን ይገኛል? በ2007 የስታንፎርዱ ክሪስቶፈር ጋርድነር ቡድን ኮሌስትሮላቸው መጠነኛ ከፍታ ያለው 192 ሰዎችን በአራት ከፍሎ፣ ለስድስት ወር፣ በሳምንት ስድስት ቀን አበላቸው። አንዱ ቡድን ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ሳንድዊች ውስጥ ተቀላቅሎለት፣ በቀን አንድ ፍሬ ገደማ፤ ሁለቱ ሁለት ዓይነት እንክብል፤ አራተኛው ምንም የሌለበት። የሚበሉት ነጭ ሽንኩርት አሊሲኑ ተለክቶ የተረጋገጠ ነበር፤ ከጥናቱ ደራሲዎች መካከልም ሎውሰን ራሱና ዕድሜውን በነጭ ሽንኩርት ኬሚስትሪ ያሳለፈው ኤሪክ ብሎክ ነበሩበት። ውጤቱ ዜሮ ነው። በየትኛውም ቡድን ክፉው ኮሌስትሮል ንቅንቅ አላለም። ነጭ ሽንኩርት ወዳዶቹ ሳይንቲስቶች ራሳቸው ይህን ማሳተማቸው በእኔ ዓይን ያስከብራቸዋል። በደም ግፊት ግን ሌላ ነው፦ በ2008 አውስትራሊያዊቷ ካሪን ሪድ ከባልደረቦቿ ጋር የበርካታ ሙከራዎችን ውጤት ደምራ ስትመለከት፣ ግፊታቸው ከፍ ያለ ሰዎች ላይ የላይኛው ቁጥር በአማካይ በ8 ነጥብ ገደማ ዝቅ ብሎ ነበር። ይህ ቀላል አይደለም። ክኒንን ለመተው ግን አያበቃም።

ብሎክ ከአልባኒ፣ ማለትም ከካቫሊቶ ቤተ ሙከራ ከወንዙ ማዶ፣ በ1984 ሌላም ነገር ጨምሯል። ከቬንዙዌላዊው ራፋኤል አፒትስ-ካስትሮ ጋር ሆኖ፣ አሊሲን ሲፈራርስ ከሚወለዱት አንዱ የደምን መርጋት እንደሚያግድ አሳየ፤ አሆኤን ይባላል። መልካም ዜና ነው፣ አደጋም አለው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ነጭ ሽንኩርት በብዛት ወይም በእንክብል ከመጀመራቸው በፊት ለሐኪማቸው መንገር ያለባቸው፣ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁም እንክብሉን ቀደም ብለው እንዲያቆሙ የሚመከሩት በዚህ የተነሣ ነው።

ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ያለው ጠብ ደግሞ በአፍሪካ ከባድ ዋጋ ካስከፈለ ታሪክ ጋር ይገጥማል። በነሐሴ 2006 በቶሮንቶ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የኤድስ ጉባኤ ላይ የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ማሳያ ድንኳን ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና ቀይ ሥር ደርድሮ ነበር። የጤና ሚኒስትሯ ማንቶ ሻባላላ-ምሲማንግ እነዚህን ምግቦች ለኤች.አይ.ቪ. ሕሙማን ደጋግመው ይመክሩ፣ የፀረ-ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒቶችን ጎጂነት ያጎሉ ነበር። በ2008 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች፣ ከ2000 እስከ 2005 ባለው ጊዜ መድኃኒቱ በወቅቱ ባለመሰጠቱ በደቡብ አፍሪካ ከ330 ሺህ በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል ብለው ገመቱ። ነጭ ሽንኩርቱ ማንንም አልገደለም፤ የገደለው በመድኃኒቱ ፋንታ መቀመጡ ነው። ከዚያ ጉባኤ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2002፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ተመራማሪዎች የነጭ ሽንኩርት እንክብል ሳኩዊናቪር የተባለውን የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በጤነኛ ፈቃደኞች ደም ውስጥ በግማሽ ያህል እንደሚቀንሰው አሳይተው ነበር። ሚኒስትሯ ድንኳን ውስጥ ያስደረደሩት ነገር መድኃኒቱን ሊያዳክም እንደሚችል የሚያሳይ ማስረጃ ታትሞ ተቀምጧል ማለት ነው።

ስለ ካንሰር የሚወራው ብዙ ነው፤ እኔ የማምነው ግን አንድ ረጅም ሙከራ ነው። በቻይና ሻንዶንግ ክፍለ ሀገር ሊንጩ የምትባል ወረዳ የጨጓራ ካንሰር የበዛባት ናት። በ1995 እዚያ 3,365 ሰዎች በዕጣ ተከፋፈሉ። አንዳንዱ ኤች ፓይሎሪ የተባለውን የጨጓራ ባክቴሪያ የሚያጠፋ መድኃኒት ለሁለት ሳምንት፣ አንዳንዱ ቪታሚን፣ አንዳንዱ የነጭ ሽንኩርት እንክብል ለሰባት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ወሰደ። እንክብሉ ውስጥ ከነበሩት አንዱ በእንፋሎት የወጣ ዘይት ነው፤ ቨርትሃይም በ1844 ያወጣው ዓይነት። ሰባቱ ዓመት ሲያልቅ ነጭ ሽንኩርቱ ምንም ያመጣው ለውጥ አልታየም። ተመራማሪዎቹ ግን መዝገቡን ሳይዘጉ ሰዎቹን መከታተል ቀጠሉ። የ22 ዓመት ክትትላቸውን ይዘው በ2019 ያሳተሙት ውጤት ነጭ ሽንኩርት ከወሰዱት መካከል በጨጓራ ካንሰር የሞቱት በ34 በመቶ ማነሳቸውን አሳየ፤ በበሽታው የተያዙት ቁጥር ግን አስተማማኝ በሆነ ሁኔታ አልቀነሰም። የሁለት ሳምንቱ መድኃኒት በበኩሉ በካንሰሩ መያዝን በግማሽ ያህል ቀንሷል። እኛም አገር «ጨጓራ አለብኝ» እያለ በባዶ ሆዱ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት የሚውጥ ሰው ብዙ ነው፤ ከሊንጩ የሚማረው ኤች ፓይሎሪን መመርመርና በሐኪም ትእዛዝ መታከም እንደሚቀድም ነው። ጥሬው ባዶ ሆድን ይለበልባል፤ ቁስል ላለበት ደግሞ ይብሳል።

ወደ ወጥ ቤት እንመለስና፣ የካቫሊቶ ሙከራ ለአብሳይ የሚነግረው ነገር አለ። በ2001 ኩን ሶንግና ጆን ሚልነር ነጭ ሽንኩርትን ማይክሮዌቭ ውስጥ ለ60 ሰከንድ አሞቁት፤ አይጦችን ካንሰር ከሚያመጣ ኬሚካል የመከላከል ኃይሉ ጠፋ። ከማሞቃቸው በፊት ጨፍልቀው አሥር ደቂቃ ሲያስቀምጡት ግን ከኃይሉ የተወሰነው ተረፈ። ኢንዛይሙ እሳት ሳያገኘው ሥራውን ጨርሷልና። የእኛ ወጥ አሠራር ይህን ሳያስበው ያደርገዋል፤ ነጭ ሽንኩርቱ ተወቅጦ ይቀመጣል፣ ቀይ ሽንኩርቱ ድስት ላይ ገና ሲቁላላ ይቆያል፣ ከዚያ ነው ውቅጡ የሚገባው። ጥብስ ላይ ሙሉ ፍሬ የሚጥል ሰው ግን አሊሲን አያገኝም፤ የሚያገኘው ለስላሳና ጣፋጭ ፍሬ ነው፣ እሱም የራሱ ወዳጅ አለው። ሎሚም እንደ እሳት ኢንዛይሙን ያስቆማል። ሰላጣ ላይ የነጭ ሽንኩርቱ ኃይል እንዲሰማ የሚፈልግ አስቀድሞ ይውቀጠው፣ ሎሚውን ቆይቶ ይጨምር፤ እንዲለዝብ የሚፈልግ ፍሬውን ሎሚው ውስጥ ይፍጨው።

ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት አብረው ተፈጭተው ሲቀመጡ አንዳንዴ አረንጓዴ ይሆናሉ፤ ተበላሸ ብሎ የሚደፋ አለ። አይጎዳም፣ የድኝ ውሑዶቹ ከአሚኖ አሲዶች ጋር ሲገናኙ የሚሠሩት ቀለም ነው። ሃውስ ፉድስ የተባለው የጃፓን የምግብ ኩባንያ ተመራማሪዎች ይኸው አረንጓዴ ቀለም ሲያስቸግራቸው መርምረው፣ በመንገዳቸው ቀይ ሽንኩርት ዓይን የሚያስለቅስበትን፣ እስከዚያ ማንም ያላወቀውን ኢንዛይም አገኙ፤ በ2002 ኔቸር መጽሔት ላይ ወጣላቸው፣ በ2013 ደግሞ ሰውን የሚያስቅ ሳይንስ የሚሸለምበትን ኢግ ኖቤል አስገኘላቸው።

አረንጓዴው አይፈራ፤ የሚፈራው ዘይቱ ነው። ጊዜ ለመቆጠብ አንድ ሁለት ኪሎ ነጭ ሽንኩርት ልጦ፣ ፈጭቶ፣ ዘይት አፍስሶበት በብልቃጥ ማስቀመጥ አዲስ አበባም ውጭ አገርም የተለመደ ነው። ነጭ ሽንኩርት ከአፈር የሚመጣ በመሆኑ የቦቱሊዝም ባክቴሪያን ዘር ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ አሊሲን ለዚህ አይደርስለትም። ዘይቱ አየር ይከለክላል፣ ባክቴሪያው ደግሞ አየር በሌለበት ነው የሚመቸው። በ1985 በካናዳ ቫንኩቨር አንድ ምግብ ቤት ከፍሪጅ ውጭ ባስቀመጠው፣ በዘይት በተዘፈዘፈ ነጭ ሽንኩርት 36 ሰዎች ይህ ባክቴሪያ በሚሠራው መርዝ ታመሙ። በ1989 በኒው ዮርክ ግዛት በሦስት ሰዎች ላይ ተደገመ፤ ከዚያ በኋላ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እንዲህ ያለ ምርት አሲድ እንዲገባበት አዘዘ። ዋሽንግተን ወይም ዳላስ ያለ ሰው ከሱቅ የሚገዛው የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት ብልቃጥ ላይ ሲትሪክ ወይም ፎስፎሪክ አሲድ የሚል የሚያነበው ለዚህ ነው። የቤቱ ብልቃጥ ግን አሲድ የለውም፤ መርዙም በጠረን አይታወቅም፣ በጣዕም አይታወቅም። የተነጠረ ቅቤ ውሃው ተንኖ ቅመሙም ተጠልሎ ስለሚወጣ ከዚህ ይለያል። በዘይት የተፈጨውን ግን ፍሪጅ ውስጥ ከአራት ቀን በላይ አለማቆየት ነው፤ ከዚያ የሚተርፈውን ገና በተፈጨ ዕለት በበረዶ መሥሪያ ትሪ ከፋፍሎ ፍሪዘር ውስጥ መክተት ይሻላል፣ አንዷ ቁራጭ ለአንድ ድስት ሽሮ ትበቃለች።